የደኅንነት ሹም የሚጠየቀው በየትኛው ነው፦ ባላስቆመው ጥቃት ወይስ ጥቃትን ለማስቆም ብሎ ባደረሰው በደል?

መምህርት፣ ኮዬ ፈጬ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ መንደር እኖራለሁ፤ በዚሁ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። በክፍል ውስጥ የተነሣ አንድ ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፉ በላይ ስለሆነብኝ፣ በጸጥታ ሥራ ያገለገላችሁም ሆነ ሕግ የተማራችሁ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች የጸጥታን ሥራ የምናውቀው ከታች በኩል ነው። አከራይ አዲስ ተከራይ ሲያስገባ መታወቂያውን ተቀብሎ ወረዳ ያስመዘግባል፤ የብሎኩ ኮሚቴ የማያውቀውን ሰው ሲያይ ወደ ማን ቤት እንደመጣ ይጠይቃል፤ ትልልቅ በዓላት ሲቃረቡ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ የሚሄደው ተሳፋሪ ከሚኒባስ ወርዶ ተፈትሾ ይሳፈራል። አብዛኛው ነዋሪ ይህን ሁሉ ሳያጉረመርም የሚቀበለው በሰላም ወጥቶ በሰላም መግባት ስለሚፈልግ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ነገር ግን መረጃው ከእኛ ደጅ ተነሥቶ ወደ ላይ ከሄደ በኋላ ምን እንደሚደረግበት፣ በመጨረሻ በጠረጴዛው ላይ የሚያርፍለት ሹምስ ለማን መልስ እንደሚሰጥ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ስለ ሽብርተኝነትና ስለ መንግሥት ተጠያቂነት ስንነጋገር ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ጥቃት ከደረሰ የስለላው ተቋም ኃላፊ በማግሥቱ ሥልጣኑን መልቀቅ አለበት አሉ። ሌሎቹ ኃላፊው የሰው ልብ የሚያነብ አምላክ አይደለም፤ ብዙ ሴራ አክሽፎ አንዱ ቢያመልጠው ለምን ይወቀሳል ብለው ተከራከሩ። በዚህ መሀል አንዲት ተማሪ፣ ጥቃት እንዳይደርስ በሚል ንጹሕ ሰው ያሳሰረና ያስደበደበ ኃላፊ በእሱ ዘመን ቦምብ ስላልፈነዳ ብቻ ጥሩ መሪ ሊባል ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ለእርሷ ከሁለቱም ወገን የሚመልስላት አልተገኘም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ፣ የደኅንነት ኃላፊን አመራር የምንመዝነው በምንድን ነው? የሚጠይቀውስ ማን ነው? ሥራው ሁሉ ምስጢር ሆኖ ሳለ መጠየቅ በተግባር ይቻላል ወይ? ከስሜት ይልቅ በተጨባጭ የታየ ነገር ብታቀርቡልኝ ለተማሪዎቼ እጅግ ይጠቅማቸዋል።

ጡረተኛ ፖሊስ፣ ለገጣፎ

የተከበሩ መምህርት፣ እኔ ከፖሊስ ሥራ በጡረታ ተሰናብቼ ለገጣፎ የምኖር ሰው ነኝ። የስለላ ባልደረባ ሆኜ አላውቅም፤ ከእነሱ የሚላከውን ወረቀት ተቀብለን በመንገድ ላይ የምንቆመው እኛ ነበርን። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከተቀባዩ ወገን ሆኜ ነው።

ጥቃት መድረሱ ወይም አለመድረሱ ብቻውን የኃላፊውን ብቃት አያሳይም። የሚያሳየው ኃላፊው ምን ያውቅ እንደነበር፣ መቼ እንዳወቀ፣ ያወቀውንም አንድ ነገር ማድረግ ለሚችለው ሰው በጊዜው አድርሶ እንደሆነ ነው። ለዚህ በስሪ ላንካ ከሆነው የበለጠ ግልጽ ማሳያ አላውቅም። ሚያዝያ 13 ቀን 2011 ዓ.ም. ለእኛ የሆሣዕና ዕለት ነበር፤ በዚያ አገር ላሉ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ግን የትንሣኤ በዓል ነበር። አጥፍቶ ጠፊዎች በሦስት አብያተ ክርስቲያናትና በሦስት ትልልቅ ሆቴሎች ላይ ባደረሱት ጥቃት ከ260 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሕንድ የመጣው ማስጠንቀቂያ ግን ለስሪ ላንካ የስለላ አገልግሎት ኃላፊ የደረሰው ከጥቃቱ 17 ቀን ቀደም ብሎ ነው። የቡድኑ መሪ በስም ተጠቅሷል፤ ከዒላማዎቹ መካከልም አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉበት ተጽፏል። ኃላፊው መረጃውን በደብዳቤ አስተላለፈ፤ ደብዳቤው ከቢሮ ወደ ቢሮ ተመላለሰ፤ በየደረጃው ያለው ሹም ለበታቹ መራ። በዚያ እሑድ ማለዳ ልጆቹን ይዞ ለቅዳሴ የሄደው ምእመን የሰማው አንዳች ነገር አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያኑ በርም ፈታሽ አልቆመም።

ተማሪዎችዎ ማወቅ ያለባቸው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የተጎጂ ቤተሰቦችና ሌሎች ዜጎች መሠረታዊ መብታችን ተጥሷል ብለው ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከቱ። ፍርድ ቤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ማይትሪፓላ ሲሪሴና 100 ሚሊዮን ሩፒ፣ የፖሊስ አዛዡና የስለላ አገልግሎቱ የቀድሞ ኃላፊ ኒላንታ ጃያዋርዴና ደግሞ እያንዳንዳቸው 75 ሚሊዮን ሩፒ ከግል ሀብታቸው ለተጎጂዎች ካሣ እንዲከፍሉ አዘዘ። የስለላ ኃላፊው ደብዳቤ መጻፉ አላዳነውም። ይህን ያህል የከበደ መረጃ በእጁ የገባ ሰው ስልክ አንሥቶ የሚመለከተውን ሁሉ መቀስቀስ፣ ትእዛዙ መፈጸሙንም እየተከታተለ ማረጋገጥ ነበረበት።

በሥራ ዘመኔ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ሳይጠቅስ «ጥብቅ ክትትል ይደረግ» የሚል ወረቀት ሲመጣልን ምን እንደሚሰማን አስታውሳለሁ። እንዲህ ያለው ወረቀት ጥቃትን አይከላከልም፤ ነገር ተበላሽቶ ጥያቄ ሲነሣ ላኪው «አሳውቄ ነበር» እንዲል ብቻ ያገለግላል። ሹሙ እንዲህ ያለውን ልማድ በተቋሙ ውስጥ ዝም ብሎ ካሳደገ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ያልፈረመበት ወረቀት ቢሆን እንኳ።

የአሜሪካው የማዕከላዊ የስለላ ድርጅት ኃላፊ የጆርጅ ቴኔት ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ቴኔት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 ለባልደረቦቹ በጻፈው ማስታወሻ ከቢን ላደን ጋር ጦርነት ላይ መሆናቸውንና ገንዘብም ሰውም ሊቆጠብ እንደማይገባ አሳስቦ ነበር። ማለትም አደጋውን ቀድሞ አይቶታል። የሴፕቴምበር 11ን ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት ያገኘው ግን ማስታወሻው የአገሪቱን የስለላ ተቋማት ይህን ያህል እንዳላንቀሳቀሰ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 በኩዋላ ላምፑር ስብሰባ ላይ የታዩ፣ ኋላ አውሮፕላን ከጠለፉት መካከል የሆኑ ሁለት ሰዎች በተጠርጣሪዎች መዝገብ እንዲገቡ የተደረገው በኦገስት 2001 ነበር። ከድርጅቱ ውስጥ ብዙ ሠራተኞች ስለ እነሱ የተላለፈውን መልእክት አንብበዋል፤ ለአገር ውስጥ ፖሊስ በጊዜው በሚገባ ያደረሰው ግን አልነበረም። የድርጅቱ የራሱ ዋና ተቆጣጣሪ ቴኔትን ጨምሮ የኃላፊዎቹን ድርሻ የሚመረምር የተጠያቂነት ቦርድ እንዲቋቋም ቢመክርም፣ ተተኪው ኃላፊ ፖርተር ጎስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ቦርዱ አይቋቋምም ብሎ ወሰነ። ቴኔት በበኩሉ ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ከፕሬዚዳንቱ እጅ ከፍተኛውን የሲቪል ሜዳይ ተቀብሏል። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው አልቆ እንዲህ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል።

ነዋሪ፣ ቡራዩ

ጋሼ የጻፉትን በአክብሮት አነበብሁ፤ ሆኖም አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። ከጥቃት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የትኛው መልእክት ዋና እንደነበር መለየት ቀላል ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ከጥቃቱ በፊት ግን ያ አንድ መልእክት የሚመጣው ከብዙ መቶ ሌሎች መልእክቶች ጋር ነው፤ አብዛኞቹም ሐሰት ወይም የግል ጠብ የወለዳቸው ጥቆማዎች ናቸው። እኛም በየሰፈራችን የምናውቀው ነው። በድንበር የተጣላ ጎረቤት፣ የቤት ኪራይ የከለከለ ተከራይ፣ በፖለቲካ የተቀያየመ የሥራ ባልደረባ ሁሉ «ጥርጣሬ አለኝ» ብሎ ሊጠቁም ይችላል። ኃላፊው ለእያንዳንዱ ያልተሳካ ነገር ከግል ኪሱ የሚከፍል ከሆነ ራሱን ለማዳን ሁሉንም ጥቆማ እንደ እውነት ያስተላልፋል። ያን ጊዜ በየመንገዱ የሚፈተሸው፣ በየሌሊቱ የሚታሰረው ሰው ይበዛል፤ ጉዳቱም ቀድሞ የሚደርሰው እንደ እኛ በከተማ ዳር በሚኖረው፣ መታወቂያው በሌላ ወረዳ በወጣው ደሀ ላይ ነው።

ሥልጣን መልቀቅ ብቻውንም መፍትሔ ሲሆን አላየሁም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 አልሸባብ በናይሮቢ የዌስትጌት የገበያ ማዕከል 67 ሰዎችን ገደለ። የፓርላማው የጋራ ኮሚቴ ያዘጋጀውን የምርመራ ሪፖርት ምክር ቤቱ ራሱ ሳይቀበለው ቀረ። የብሔራዊ የስለላ አገልግሎቱ ዋና ዳይሬክተር ማይክል ጊቻንጊ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 በግል ምክንያት ሥራ መልቀቁን አስታወቀ። ብዙ ሰው በዚህ ረክቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 ግን በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ሰውየው ሄዷል፤ በዌስትጌት ምን እንደተበላሸ ሕዝብ ፊት ተጣርቶ ስላልተነገረ ግን መሄዱ የጋሪሳን ልጆች አላዳናቸውም።

ስለዚህ ለተማሪዎችዎ ኃላፊው ይባረር ወይስ አይባረር ከሚለው በፊት፣ ምን እንደሆነ በገለልተኛ ወገን ይጣራ ወይስ አይጣራ የሚለው ቢቀርብላቸው እመርጣለሁ። የሚያባርረው ያው የሾመው አለቃ ከሆነና ምርመራ ከሌለ፣ መባረሩ የአለቃውን ጥፋት መሸፈኛም ሊሆን ይችላል።

የሕግ ባለሙያ፣ ሱሉልታ

መምህርት፣ እኔ መመለስ የምፈልገው ለዚያች ተማሪ ነው። ከሁሉም የከበደውን ጥያቄ ያነሣችው እርሷ ናት፤ ለአገራችንም የሚቀርበው እሱ ነው።

ከአዲስ አበባ ልጀምር። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ሲጓዙ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱባቸው። ፕሬዚዳንቱ የተረፉት ጥይት በማይበሳው መኪና ውስጥ ስለነበሩ ነው። መኪናው ከካይሮ ተጭኖ እንዲመጣ አጥብቆ የመከረው የግብፅ የስለላ ኃላፊ ዑመር ሱሌይማን እንደነበር በሰፊው ይነገራል። የኢትዮጵያ መርማሪዎችም በበኩላቸው ተጠርጣሪዎቹን፣ ተባባሪዎቻቸውንና የመጡበትን መንገድ አጣርተው ማስረጃቸውን ለዓለም አቅርበዋል፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ሦስት ተጠርጣሪዎችን ለኢትዮጵያ አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መልካም አመራር እናያለን፦ አንዱ አደጋን ቀድሞ ማሰብ፣ ሌላው ሌሎች ሲመረምሩት የሚጸና ማስረጃ ማቅረብ።

ያው ዑመር ሱሌይማን ግን ሌላ ገጽ አለው። እሱ በሚመራው ተቋም ዘመን አሜሪካ የያዘቻቸውን ተጠርጣሪዎች ለምርመራ ወደ ግብፅ ትልክ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ኢብን አል ሼኽ አል ሊቢ እ.ኤ.አ. በ2002 በግብፅ እስር ቤት በሥቃይ ብዛት፣ ኢራቅ የአልቃይዳን ሰዎች በኬሚካልና በባዮሎጂ መሣሪያ አሠልጥናለች ብሎ ተናገረ። ይህ ቃል ተወስዶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በጸጥታው ምክር ቤት ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ በቀጣዩ ወር ኢራቅ ተወረረች። ሰውየው በኋላ ቃሉን ካደ፤ የአሜሪካው የስለላ ድርጅትም በዚያ ቃል ላይ የተመሠረቱ ሪፖርቶቹን እ.ኤ.አ. በ2004 አነሣ። ሱሌይማን ስለዚህ ጉዳይ በማንም ፍርድ ቤት ሳይጠየቅ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞተ። እንግዲህ ድብደባ ንጹሑን ከመበደሉም በላይ ለኃላፊው ሐሰት ያቀብለዋል፤ ኃላፊውም ሐሰቱን ለመሪዎቹ ያቀብላል። የሚደበደብ ሰው የሚናገረው ድብደባው እንዲቆምለት የሚፈልጉትን ነው።

ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም እንኳ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ ፈቅዶ ነበር። ይህን ድንጋጌ እስከ ዛሬ ሳስበው ይከብደኛል። ተከሳሹ ማን እንደመሰከረበት አያውቅም፤ ዳኛው ቃሉ በምን መንገድ እንደተገኘ መጠየቅ ያዳግተዋል፤ ሪፖርቱን ያወጣው ተቋም ኃላፊ ደግሞ ለተሳሳተ ሪፖርት መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለም። በዚህ አዋጅ ከተከሰሱት መካከል በ2006 ዓ.ም. የታሰሩት ጦማርያንና ጋዜጠኞች ይገኙበታል፤ የገሚሶቹ ክስ ተቋርጦ፣ የቀሩት በ2008 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ ወጥተዋል። ነጻ ከመውጣታቸው በፊት በእስር ላለፈው ዘመናቸው ማን ተጠየቀ?

ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲናገሩ፣ ሰውን ጨለማ ቤት አስሮ መግረፍ የመንግሥት የሽብር ተግባር እንደነበር አምነዋል። በዚያው ሰሞን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎትን ሲመሩ የቆዩት አቶ ጌታቸው አሰፋ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዲስ አበባ ውስጥ ስውር እስር ቤቶች እንደነበሩና ታሳሪዎች ከባድ ግፍ እንደተፈጸመባቸው ለጋዜጠኞች ገለጹ፤ በቀድሞው ኃላፊና በሌሎች ላይም ክስ ተመሠረተ፤ የእሳቸው በሌሉበት ነበር። ክስ ፍርድ አለመሆኑን ለተማሪዎችዎ በጥብቅ ይንገሩልኝ። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፦ ተጎጂዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ኃላፊው ሲመረመር ሊሰሙት የሚገባ የፍርድ ሂደት ነበር፤ ያ አልሆነላቸውም።

ሕጋችን በጽሑፍ ደረጃ ደካማ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ የደኅንነት ኃላፊን ነጥሎ አላወጣውም። አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። አንቀጽ 28 ኢሰብአዊ ድብደባን በይርጋም ሆነ በምሕረት ከማይታለፉ ወንጀሎች ጋር ይቆጥረዋል። አንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። አዋጅ 652ም በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተሽሯል። የጎደለው ሥልጣን ያለው አካል ሥልጣኑን በተግባር እንዲጠቀምበት የሚያደርገው ልማድ ነው።

ስለዚህ ለልጅቱ የምሰጣት መልስ «አይባልም» የሚል ነው። ቦምብ ባለመፈንዳቱ ብቻ ጥሩ መሪ አይባልም፤ ቦምቡ ያልፈነዳው በእሱ ድብደባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም አያቀርብም። ቢያቀርብ እንኳ ድብደባው ወንጀል መሆኑ አይቀርም።

መምህርት፣ ኮዬ ፈጬ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቡራዩው ወንድሜ ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው፤ የጋሼም መልስ ከእሱ ጋር የሚጋጭ አልመሰለኝም፤ ሁለታችሁም የምትሉት ኃላፊው በእጁ በነበረው መረጃ ልክ ይመዘን ነው። የሕግ ባለሙያው የጻፉልኝን ለተማሪዎቼ ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። በእጁ ምን መረጃ እንደነበረ የሚያውቀው እሱና ተቋሙ ብቻ ናቸው። «ይህን ብናገር ጥቆማ የሰጠኝ ሰው ይገደላል፣ የምንሠራበት ዘዴ ይጋለጣል» ቢል ምን ይባላል? ውሸት ነው ማለት አልችልም፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ምስጢሩ ሳይወጣ መጠየቅ የተቻለበት አገር አለ?

ጡረተኛ ፖሊስ፣ ለገጣፎ

አለ፤ ፍጹም ባይሆንም። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2017 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ አንድ አጥፍቶ ጠፊ ከሙዚቃ ዝግጅት በሚወጡ ሰዎች መካከል ባፈነዳው ቦምብ 22 ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተሰየሙት የቀድሞ ዳኛ ሰር ጆን ሳውንደርስ የአገር ውስጥ የደኅንነት ተቋሙን መኮንኖች ምስጢራዊ ቃል በዝግ ችሎት ሰሙ። ቤተሰቦቹ በዚያ ችሎት አልተገኙም፤ ይህም አስከፍቷቸዋል። ነገር ግን ዳኛው ከሰሙት ውስጥ ለአገር ደኅንነት የማያሰጋውን ለይተው ለሕዝብ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ባወጡት ሪፖርትም፣ አንድ መኮንን የደረሰውን መረጃ በዕለቱ ጽፎ አለማስተላለፉን፣ ይህም ጥቃቱን ሊያስቀር ይችል የነበረ ትልቅ ዕድል እንዲያመልጥ ማድረጉን ገለጹ። ያ እርምጃ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ገዳዩ ከሊቢያ ሲመለስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተከትለውት ፈንጂውን ወዳስቀመጠበት መኪና ሊደርሱ ይችሉ እንደነበርም ጽፈዋል። ጥቆማ ሰጪው ማን እንደሆነ አልተነገረም፤ መረጃው ምን እንደነበረም በዝርዝር አልወጣም። የኃላፊነቱ መጓደል ግን ወጣ።

በዚያው ዕለት የተቋሙ ዋና ዳይሬክተር ኬን ማካለም በሕዝብ ፊት ቀርቦ እጅግ ማዘኑን ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 ወንበሩ ላይ የነበረው እሱ አልነበረም፤ የተሾመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ተቋሙን የተረከበ ሰው ዕዳውንም እንደተረከበ አድርጎ መቆሙን አከብርለታለሁ። ለሟቾቹ ወላጆች ይህ በቂ ነው አልልም፤ በቂ እንዳልሆነ ራሳቸው ተናግረዋል። ነገር ግን «ምስጢር ነው» የሚለው ቃል የምርመራን በር መዝጊያ እንዳይሆን ማድረግ እንደሚቻል ያሳያል፤ የሚያስፈልገው ምስጢሩን እንዲያይ የተፈቀደለት፣ ከኃላፊው ትእዛዝ የማይቀበል፣ ያየውንም አመዛዝኖ የመናገር ሥልጣን ያለው ሰው ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ሱሉልታ

ከጋሼ ቀጥዬ የአገራችንን መንገድ ልጠቁም። የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 804/2005 እንደገና ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆኗል። ተጠሪነት ለአስፈጻሚው ብቻ ሲሆን የቡራዩው ነዋሪ ያሉት ችግር ይመጣል፤ ሿሚውና ጠያቂው አንድ ሰው ይሆናሉ። ይህን ሚዛን ሊጠብቅ የሚችለው ምክር ቤቱ ነው። ቋሚ ኮሚቴው የደኅንነት ኃላፊውን በዝግ ስብሰባ ቢጠይቅና የደረሰበትን ድምዳሜ ብቻ ለሕዝብ ቢያወጣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነገር የለበትም።

ሌላው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። ማቋቋሚያውን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1224/2012 ኮሚሽኑ ሰዎች ተይዘው የሚገኙበትን ቦታ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ገብቶ እንዲጎበኝ ፈቅዷል። ለተማሪዎችዎ ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል፦ አንድ ሰው ከሰፈር ተይዞ የት እንዳለ ቤተሰቡ ካላወቀ፣ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የወሰዱትን ሰዎች የደንብ ልብስ ወይም የመኪና ታርጋ፣ ያዩ ሰዎችንም ጽፎ ይዞ ለኮሚሽኑ ማመልከት ይችላል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበትም አንቀጽ 19 ይደነግጋል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የተያዘው ሰው ሳይቀርብ ከቀረ ጠበቃው፣ ዘመዱ ወይም ጓደኛው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። በዚህ አቤቱታ ዳኛው ሰውየውን የያዘውን አካል ጠርቶ በምን ሥልጣን እንደያዘው ያስረዳ ዘንድ ያዝዛል፤ ያዢው የደኅንነት ተቋምም ቢሆን።